ከዘበኛው ጀርባ

አጎቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቷል፤ ለአሥራ አንድ ሰከንድ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሰከንድ መቁጠር እንጀራዬ ነው።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ የሚያየው አንድ የመርማሪ ድራማ ነበር። ካፖርት የማያወልቅ መርማሪ፣ በየሳምንቱ አንድ ሬሳ፣ በየሳምንቱ አንዲት የምታምር መበለት። በአንዱ ክፍል ላይ መርማሪው ከአንድ ትልቅ ቤት ደጃፍ ይደርስና ዘበኛውን ያፋጥጠዋል። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዝና ግራ ቀኙን አይቶ፣ "ጌታዬ፣ የገባ እንጂ የወጣ አላየሁም" ይላል። በቃ። ያ ዘበኛ አጎቴ ነው።

አጎቴ ግን አንድም ቀን ዘበኛ ሆኖ አያውቅም። የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የዚያን ዕለት ድራማው የሚቀረጽበት ግቢ ቆጣሪ ሊያነብ ገባ፤ ዘበኛ ሆኖ ሊጫወት የተቀጠረው ሰውዬ ቀርቷል፤ አጎቴ የመሥሪያ ቤቱን ካኪ ከነኮፍያው ለብሷል፤ ያዙት። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ጠፋ፣ ዘበኛው ሆነ። ቆጣሪ ሊያነብ ሲያንኳኳ፣ "መጀመሪያ ያቺን በል፣ ከዚያ ትገባለህ" ይሉት ነበር። እሱም ይላታል። ሳይል ያለፈበት በር ያለ አይመስለኝም።

እቤትም ያው ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ሻይ ይቀርባል፣ አንዱ ይነሳና "እስቲ ዘበኛውን" ይላል። አጎቴ "ተዉኝ እባካችሁ፣ ሽማግሌ ሆኛለሁ" ይላል። ሁለተኛ ሲለምኑት አሁንም "ተዉኝ" ይላል። በሦስተኛው ከወንበሩ ተነስቶ ሳሎኑ መሃል ይቆማል፤ የሌለ ኮፍያ ያወልቃል፤ ግራ ቀኝ ያያል፤ ይናገራል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

ቤቱ በሳቅ የሚፈርሰው ግን በሌላ ነገር ነው። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ሁልጊዜ ከጀርባው በኩሽናው በር ላይ ሰሐን ይዛ ትቆማለች። እሱ አፉን ሲከፍት እሷም ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ አብራው ትለዋለች። "ጌታዬ" ላይ አንገቷን ሰበር፣ "አላየሁም" ላይ ከንፈሯን ግጥም። ሁላችንም ዓይናችን እሷ ላይ ነው። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ስለሚቆም አይቷት አያውቅም። "ለእሱ እንዳትነግሩት" ያለን ሰው አልነበረም፤ ማንም ግን አልነገረውም። እንዲሁ እንደዚያ ሆኖ ኖረ።

እናቴ የአጎቴ እህት ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። ቁጥር የቆጠርኩት በአጎቴ የቆጣሪ መዝገብ ነው። የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው ለእኔ ያላደረጉት ነገር የለም። ይህን የምለው ያደረግኩትን ነገር ክብደቱን እንድታውቁልኝ ነው፤ እንዲቀልልኝ አይደለም።

ሥራዬ የካርቱን ድራማ መጻፍ ነው። የልጆች እንዳይመስላችሁ። ከመጀመሩ በፊት "ልጆችን ያርቁ" የሚል ጽሑፍ የሚወጣበት፣ ስድቡ የማያልቅ፣ የአዋቂ ካርቱን ነው። አንድ ሰካራም ታክሲ ነጂ አለ፤ ከእሱ በአሥር እጅ የምትበልጥ ሚስት አለችው፤ ፖሊስም ሐኪምም የማትፈራ አማት አለችባቸው። በየዓመቱ አንድ ክፍል ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ይዘን እናላግጥበታለን። አንዴ በዘፈን ውድድሩ አላገጥን፤ አንዴ እናትየው በልብስ ብዛት የምትፈነድቅበትን የሳሙና ማስታወቂያ ይዘን። ዘንድሮ አለቃችን "ያ የድሮ የመርማሪ ድራማ ይሁን" አለ። የአማትየዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይጠፋል፤ መርማሪው በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ ይመጣል፤ የተኛውን ሁሉ ሬሳ ነው እያለ በጠመኔ ይከብበዋል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አለቃችንን መቀስ ነው የምንለው። ያልቆረጠው ነገር የለም፤ የገዛ ሠርጉን ቪዲዮ ወደ አራት ደቂቃ አሳጥሮታል ይባላል። በዚያ ሰሞን ሁለት ጽሑፎቼን አከታትሎ ጥሎብኝ ነበር። ሁለተኛውን ሲጥል ምክንያት እንኳን አልነገረኝም፤ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ጻፈበት። ሦስተኛው ቢወድቅ ከጸሐፊዎቹ ክፍል እንደምወጣ አውቄዋለሁ፤ ሁሉም ያውቁታል፤ ሻይ የምታቀርበው ሴትዮ ሳትቀር "አይዞሽ" ትለኝ ጀምራለች።

እና ስለ መርማሪው ድራማ ስናወራ አፌ አላርፍ አለ። "ዘበኛውን ታስታውሱታላችሁ? አጎቴ ነው" አልኩ። አላመኑኝም። ተነሥቼ አጎቴን ሆንኩላቸው፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት ርምጃ ተራምጄ እትዬን ሆንኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ወፍራሙ ጸሐፊ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። መቀስ አይስቅም፣ ሲስቅ የሚያስለው ሰው ነው፤ አሳለው፣ አሳለው፣ እንባውን ጠረገና "ጻፊው" አለኝ።

ጻፍኩት። በካርቱኑ ዘበኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ለመጣ ለሄደው የሚናገር ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ከጀርባው ሆና በከንፈሯ ትከተለዋለች። እስከዚህ እውነት ነው። ግን አልበቃኝም። ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ ጣሪያ እንድትሰቅል አደረግኩ። ከዚያ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ ግድግዳው ላይ አንዲት መስመር ታሰምራለች፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለን ስናይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በመስመር ተሞልቷል፤ ቀኑን እንደሚቆጥር እስረኛ። እትዬ ዓይኗን ሰቅላ አታውቅም፤ ጠመኔም ይዛ አታውቅም። ግን ያስቃል። ያስቃል ብዬ ጨመርኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ስለ ድምፁ ልንገራችሁ። ካርቱን ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀረጸው ድምፅ ነው፤ ሥዕሉ የሚንቀሳቀሰው በድምፁ ልክ ነው። ተዋናዩ እስኪመጣ ድረስ ከመካከላችን አንዳችን ለመለኪያ ያህል እናነባለን፤ ሠዓሊዋ በዚያ ላይ የገጸ ባሕርዩን አፍ ትሥላለች፤ በኋላ እውነተኛው ተዋናይ መጥቶ ይተካዋል። የመለኪያ ድምፅ ማንም አይሰማውም፤ ይጣላል። እኔ ታዲያ ብልጥ መስዬ፣ "የመለኪያውን ለምን አጎቴ ራሱ አያነበውም?" አልኩ። ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ይህን ስል ውሸቴን አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። አጎቴ ኮት ለብሶ ጠበቀኝ። ስልኬን ትራስ ላይ አስቀምጬ የእሱን ንግግር ብቻ የያዘች ግማሽ ገጽ ሰጠሁት። ሚስቲቱ ምንም አትናገርም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የለችም። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ጠየቀኝ።

"ይሄ ዘበኛ ደህና ሰው ነው?"

"ደህና ሰው ነው ጋሼ።"

"ሰው ይወደዋል?"

"ይወደዋል እንጂ።"

"ጥሩ" አለና ተነሥቶ ሳሎኑ መሃል ቆመ። ተቀምጦ አይሆንለትም። አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽነው፤ እሱ ነው ድገሚ ድገሚ ያለኝ። በአሥራ አንዱም ጊዜ እትዬ ከኩሽናው በር ላይ በከንፈሯ ስትከተለው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እንባዬ መጣ። አጎቴ ሳቄን አይቶ ደስ አለው። "አየሽ፣ አሁንም አልነጠፈብኝም" አለኝ።

ዘበኛውን የሚጫወተው ተዋናይ በቀቀን የምንለው ሰው ነበር፤ የማይመስለው ድምፅ የለም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሥዕሉ አልቆ፣ ገብቶ ሞከረው። አልሆነም። ሠዓሊዋ አፉን የሣለችው በአጎቴ ትንፋሽ ልክ ነዋ። አጎቴ "እንጂ" ብሎ ቆም ይልና አየር ይስባል፤ የውሸት ጥርሱ ትንሽ ጠቅ ትላለች፤ ከዚያ ነው "የወጣ" የሚለው። በቀቀን ያቺን ጠቅታ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞክሮ አጣት። መቀስ ማዳመጫውን አወለቀና "ለምን ትለፋለህ? የሽማግሌው ይቆይ። ወረቀት አስፈርሙት" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምን ትያለሽ? ያንቺ ሰው ነው" አለኝ።

ያንቺ ሰው ነው አለኝ እኮ። "አይሆንም" ማለት እችል ነበር። "ደስ ይለዋል" አልኩ።

ደውዬ የሚቀረው የእሱ ድምፅ እንደሆነ ነገርኩት። ወዲያው "ስሜ ይጻፋል?" አለኝ።

"ይጻፋል።"

"ዘበኛው ተብሎ ነው ወይስ በእውነተኛው ስሜ?"

"በእውነተኛው ስምህ።"

ስልኩን ሳይዘጋ "አንቺ ሴትዮ! አንቺ ሴትዮ!" እያለ ወደ እትዬ ሲሮጥ ሰማሁት። በሰባ አንድ ዓመቱ ሲሮጥ።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው። በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ስም፣ ከጀርባው ሠላሳ ዓመት ሲደረግ የኖረውን፣ ያውም እኔ ያጣመምኩትን፣ በሰው ፊት ሊያየው ነው። ሰው ቢስቅበት ግድ የለውም፤ ያቺን ነገር የሚላት ሊያስቅ ነው። እትዬ ሰልችታው ኖራለች ብሎ ቢያምን ግን ምን እንደሚቀረው አላውቅም ነበር። ለአጎቴ ከዚያች ዓረፍተ ነገርና ከእትዬ በቀር ሌላ ነገር የለውም።

ይባስ ብሎ ዕድል ተሰጠኝ። የመጨረሻው ግምገማ ላይ ክፍሉ ሃያ ሰከንድ በዝቶ ተገኘ። መቀስ እስክሪብቶውን ነክሶ "ሃያ ሰከንድ ማን ይሰጠኛል?" አለ። የከንፈሩ፣ የዓይኑና የጠመኔው ትርዒት ተደምሮ አሥራ ስምንት ሰከንድ ነው፤ በጣቴ ላይ ነበር። ያ ቢወጣ አጎቴ የሚያየው ኮፍያ የሚያወልቅ አስቂኝ ዘበኛ ብቻ ነው፤ ቤቱን ሰው ሞልቶ ስቆ አመስግኖ ይተኛል። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መቀስን አየሁት፤ ባለፈው ያን ቦታ ሲያይ ሲያሳለው ትዝ አለኝ፤ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀቴም ትዝ አለኝ። "የጥርሱ ብርጭቆ ትረዝማለች" አልኩ። አማትየዋ ጥርሷን የምታሳድርባት ብርጭቆ የወፍራሙ ጸሐፊ ቀልድ ናት፤ ሦስት ሳምንት የለፋባት። መቀስ ቆረጣት፤ ወፍራሙ ከዚያ ቀን ወዲህ አጠገቤ አይቀመጥም። በአንድ አፍ ሁለት ሰው በደልኩ።

እስኪተላለፍ ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ልነግረው ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ስደርስ ፀጉሩን ተቆርጦ አገኘሁት፤ "ድምፅህ ብቻ እኮ ነው የሚወጣው" ብለው "ቢሆንም" አለኝ። በሁለተኛው ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ጨርሷል፤ ወንበር ከየት እንደሚዋስ ሲያወጣ ሲያወርድ ነው ያገኘሁት። ወንበሩን አብሬው ቆጥሬ ተመለስኩ። ፊውዙን ልንቀልበት ሁሉ አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው፤ የት እንዳለ አጣርቻለሁ።

ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎኑ ሞልቷል። ፀጉር አስተካካዩ ከነሚስቱ መጥቷል። አብሮት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ፣ ጆሮው የደከመ ጓደኛው አለ። ከላይ የሚኖሩት እናትና ልጅ አሉ። ሕፃናቱ መኝታ ቤት ተዘግቶባቸዋል፤ በቁልፉ ቀዳዳ እንደሚያዩ ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴ ዓይኑ ስለማይረዳው ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ። እትዬ እንደ ልማዷ ከሁሉ ኋላ፣ ኩሽናው በር ላይ፣ የሻይ ሰሐን ይዛ ቆመች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ።

ጀመረ። ታክሲ ነጂው ገና ሲሳደብ የላይኛዋ እናት "ውይ!" ብለው አፋቸውን ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መሃል ግን ያያሉ። መርማሪው በካፖርቱ ላብ በላብ ሆኖ ሲገባ ሳቁ። የተኛችውን አማት በጠመኔ ሲከብባት የአጎቴ ጓደኛ ያልሰማውን እያስደገመ ሳቀ። ከዚያ በሩ መጣ። ዘበኛው መጣ።

"ዝም በሉ" አለ አጎቴ።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ግራ ቀኝ አየ። የአጎቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፦ "ጌታዬ፣ የገባ እንጂ..." ጠቅታዋ ሳትቀር። ከጀርባው ሴትዮዋ ብቅ አለች፤ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቤቱ ገና ዓይኗን ሳትሰቅል ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን እየመታ "እትዬን! ቁርጥ እትዬን እኮ ነው!" አለ።

አጎቴ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም። "ምኗ ነው እትዬን?" አለ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትዮዋ ዓይኗን ሰቀለች፤ ጠመኔዋን አወጣች። ዘበኛው ለሚቀጥለው እንግዳ እንደገና ጀመረ፦ "ጌታዬ፣ የገባ..."

አጎቴ ወንበሩ ላይ እንዳለ ወደ ኋላ ዞረ። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያቺ ነገር እየተባለች፣ ወደ ኋላ ዞረ። እትዬ ሰሐኗን ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ በልማድ አብሮ እየሄደ ነበር። "እንጂ" ላይ ደረሰባት። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተያዩ፤ እኔ እንጃ ለስንት ጊዜ። ሰከንድ ቆጣሪዋ ያኔ መቁጠር አልቻልኩም። ከዚያ አጎቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ በግድግዳው ላይ ያለውን መስመር ሁሉ አየው። እስከ መጨረሻው አየ። ስሙ ሲያልፍ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። እንግዶቹን አንድ በአንድ በር ድረስ ሸኛቸው። እኔን ሲሸኘኝ "ድምፁ ጥርት ብሏል፤ አመሰግናለሁ" አለኝ።

ክፍሉ ተወደደ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ከበር ጀምሮ "የገባ እንጂ" እያሉ ኮፍያ አወለቁልኝ። መቀስ ዘበኛውና ሚስቱ በሚቀጥለው ዓመት እንዲመለሱ ወስኗል። "ሽማግሌውን ያዢልኝ" አለኝ። ሳቅኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሳቅኩ።

ሐሙስ እትዬ ደወለችልኝ። እትዬ ስልክ አትደውልም፤ ስልክ የሚደውልላት እሱ ነው።

"አልተቆጣም" አለችኝ። "ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። 'ያን ያህል ሰልችቼሽ ነበር?' አለኝ። በጭራሽ ብዬ ማልኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ልጅቷ እዚሁ ነው ያደገችው፤ ታውቃለች' አለኝ። አሁን ምንም ነገር ሊነግረኝ ሲል ይጀምርና 'ሰምተሽው ይሆናል' ብሎ ይተወዋል። ትናንት ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል ሊለኝ ብሎ ተወው።"

አንገቴን ደፋሁ፤ በስልክ እንደማታየኝ ረስቼ።

"እትዬ፣ ግን ለምን ታደርጊው ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ። የመጀመሪያ ቀን ሰው ፊት ሲቆም ትጠፋበታለች ብዬ ፈራሁለት። ሕፃን ስታጎርሺ አፍሽን አብረሽ አትከፍቺም? እንደዚያ ነው። ከዚያ ለመደብኝ። ሰው ሲስቅም ደስ አለኝ፤ አብረን የምናደርገው ነገር መሰለኝ። ዓይኔን ግን መቼ ሰቅዬ? ግድግዳ ላይስ መቼ ጻፍኩ? ያን ከየት አመጣሽው?"

"እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"እንግዲያው ነይና ንገሪው። እኔን አላመነኝም፤ አንቺን ያምንሻል።"

እሑድ ጠዋት ሄድኩ። አጎቴ ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚያንጠባጥብ የውኃ ቧንቧ ፈትቶ ጎማውን ይለውጣል። ተነሥቶ ሳመኝ። ሻይ ትጠጪያለሽ አለኝ። እንቢ አልኩ። መንገድ ላይ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ከአፌ ጠፋ።

"ጋሼ፣ በድዬሃለሁ። እትዬ ዓይኗን ሰቅላብህ አታውቅም። ጠመኔውም ግድግዳውም የእኔ ፈጠራ ነው። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው። ከመተላለፉ በፊት ማስቆረጥ እችል ነበር፤ አላስቆረጥኩም።"

ጎማዋን በጣቱ እያሻሸ ሰማኝ።

"ዓይኑን አንቺ ጨመርሽው።"

"እኔ ነኝ።"

"ጠመኔውንም።"

"እሱንም።"

"ከንፈሩስ?"

የማወራው እውነት ስለሆነ ያልፍልኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ከንፈሩን አላሰብኩበትም።

"ከንፈሩ የእሷ ነው" አልኩ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ።"

"እና እንግዳው ሁሉ ሲስቅ የነበረው..." አለና አልጨረሰውም። ቧንቧው ትንሽ ውኃ ተፋ፤ በመዳፉ ያዘው።

"ሳቁ በየዓመቱ ሲጨምር" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ እያሻሻልኩት የመጣሁ መስሎኝ ነበር።"

በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩና የሰማሁትን ሁሉ አከታትዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ቀን ትጠፋበታለች ብላ እንደፈራች፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው አፏ አብሮ እንደተከፈተ፣ አብረው የሚያደርጉት ነገር መስሏት ደስ ይላት እንደነበረ። አንድም ቃል አልጨመርኩም። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ ተናግሬ አላውቅም።

አጎቴ እስክጨርስ ድረስ ፊቴን አየኝ። እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ፈገግ አለና ራሴን ዳበስ አደረገኝ።

"ያምራል" አለኝ። "ይሄንን ዛሬ ነው የጻፍሽው?"

"ጋሼ፣ በእናቴ አጥንት! እሷ ራሷ ነች የነገረችኝ።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ጎበዝ ነሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ጎበዝ ነሽ። ቢቀረጽ ሰው ያስለቅሳል።" በቁጣ ቢለኝ መልስ አላጣም ነበር፤ በፍቅር ነው ያለኝ። የሚጠራኝን ስም ሳይቀይር፣ እንደ ልጁ እያየኝ።

ጎማዋን ቦታዋ አስገብቶ ቧንቧውን ማጥበቅ ጀመረ። ቁልፉን አቀብዪኝ አለኝ፣ አቀበልኩት። እትዬ በኩሽናው መስኮት ቆማ፣ ምን አለሽ በሚል ፊት ታየኝ ነበር፤ ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩላት።